ዋጋው ወረደ፤ ወጪው ግን አልወረደም

ማንኛውም ማሽን ሁለት ዋጋ አለው። የመጀመሪያው በተገዛበት ዕለት አንድ ጊዜ ይከፈላል። ሁለተኛው ማሽኑ በሕይወት እስካለ ድረስ በየወሩና በየዓመቱ፣ አንዳንዴ በጥቂት በጥቂቱ፣ አንዳንዴም በድንገት ተጠራቅሞ ይከፈላል። የመጀመሪያውን ዋጋ ሁሉም ያውቀዋል፤ በጋዜጣ ይታወጃል፣ በማሳያ አዳራሽ ይለጠፋል፣ በጨረታ መዶሻ ይጸናል። ሁለተኛውን የሚያውቁት ግን ከፋዩና መካኒኩ ብቻ ናቸው። የታላላቅ የስፖርት መኪናዎች ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በመጀመሪያው ዋጋ በኩል በመሆኑ፣ የትኛው መኪና ለምን እንደ ሞተና የትኛው ለምን እንደ ተረፈ ሳይነገር ይቀራል። መልሱ ያለው በሁለተኛው ዋጋ ውስጥ ነው።

በሒሳብ ሥራ የእርጅና ተቀናሽ የሚባል ነገር አለ። አንድ መኪና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በመዝገብ ላይ ያለው ዋጋ ዓመት በዓመት እየተቀነሰ ይሄድና በመጨረሻ ወደ ባዶ ይጠጋል። የባንክ ሠራተኛ እንደ መሆኔ ይህን ስሌት በየዕለቱ የማየው ነው፤ ንጹሕና ሥርዓት ያለው ስሌት ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡ የማይናገረው አንድ እውነት አለ፦ መኪናው ሲረክስ መለዋወጫው አብሮት አይረክስም።

ለምሳሌ ያህል አንድ መኪና አዲስ ሳለ በ100 ብር ተገዛ እንበል። የፍሬኑ ሙሉ ጥገና 5 ብር ያስወጣል። ባለቤቱ ከዋጋው አምስት በመቶ ብቻ ስለሆነ ሳያቅማማ ይከፍላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው መኪና በ10 ብር ይሸጣል። የፍሬኑ ጥገና ግን ዛሬም 5 ብር ነው፤ ምክንያቱም ፍሬኑ የተሠራው ለ100 ብር መኪና እንጂ ለ10 ብር መኪና አይደለም። አዲሱ ባለቤት የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ለአንድ ጥገና እንዲከፍል ይጠየቃል። ዋጋው ቁልቁል ሲወርድና የጥገናው ወጪ ሽቅብ ሲወጣ የሚገናኙባት አንዲት ነጥብ አለች። አብዛኞቹ የስፖርት መኪናዎች የሞቱት በአደጋ ሳይሆን በዚያች ነጥብ ላይ ነው።

ይህን እንደ ጃጓር ኢ-ታይፕ በግልጽ የሚያሳይ መኪና ጥቂት ነው።

ኢ-ታይፕ ለዓለም የታየው እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1961 በጄኔቭ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኩባንያው መሥራች ሰር ዊልያም ላየንስ ሲሆን፣ የመኪናውን ቅርጽ የነደፈው ማልኮም ሴየር ከአውሮፕላን ኢንዱስትሪ የመጣና የአየርን ፍሰት በሒሳብ ቀመር የሚያሰላ ባለሙያ ነበር። በጄኔቭ መኪናውን ለመሞከር የተሰለፈው ሰው ስለበዛ፣ ሁለተኛ መኪና ከእንግሊዝ እንዲመጣ ትእዛዝ ተላለፈ፤ የኩባንያው የሙከራ ነጂ ኖርማን ዱዊስም ከኮቨንትሪ ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ በማግስቱ ደረሰ። 3.8 ሊትር ሞተር፣ 265 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ ፍጥነት፤ ይህ ሁሉ ተባለለት።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀው ግን ዋጋው ነበር። ጣራው የሚገለጠው ኢ-ታይፕ በእንግሊዝ አገር 2,100 ፓውንድ ገደማ ሲሸጥ፣ በፍጥነት የሚወዳደረው አስተን ማርቲን ዲቢ4 ወደ 4,000 ፓውንድ ይጠጋ ነበር። ኢ-ታይፕ በሌ ማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ1956 እና በ1957 በተከታታይ ካሸነፈው ዲ-ታይፕ የተወለደ ነው። እንዲህ ያለ የዘር ሐረግ ያለው መኪና በእንዲህ ያለ ዋጋ መገኘቱ ተአምር ይመስል ነበር። ነገር ግን ተአምር አልነበረም። የተቀነሰው የመጀመሪያው ዋጋ እንጂ ሁለተኛው አልነበረም። የእሽቅድምድም መኪናን ውስብስብነት በመካከለኛ ገቢ ላይ ላለ ሰው የሸጠ ኩባንያ፣ ከመኪናው ጋር ቀኑ ያልተጻፈበት የዕዳ ሰነድም አብሮ መሸጡ ነበር።

የዕዳው ዝርዝር የሚነበበው ኮፈኑ ሲከፈት ነው። የኢ-ታይፕ ኮፈን ከመከላከያው እስከ መስታወቱ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ወደ ፊት የሚገለበጥ ግዙፍ አካል ነው። ሞተሩን ለማየት የሚያስቸግር ነገር የለም። ይሁን እንጂ ማየትና መድረስ የተለያዩ ናቸው። ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ (ሲያልቅም አይቀርም) በሌሎች ብዙ መኪናዎች እንደሚደረገው ካምቢዮውን ብቻ ከታች ማውረድ አይቻልም፤ ሞተሩና ካምቢዮው ተያይዘው መውጣት አለባቸው። ራዲያተሩ ይነሣል፣ ቧንቧው ይፈታል፣ ሽቦው ይነቀላል፣ ከዚያም በጥቂት ገንዘብ ለሚገዛ አንድ የፍሪሲዮን ሸራ ሲባል የመኪናው ልብ በሙሉ በሰንሰለት ይንጠለጠላል። ገንዘቡ የሚሄደው ለዕቃው አይደለም፤ ለሰዓቱ ነው።

የኋላው ፍሬንም እንዲሁ ነው። መሐንዲሶቹ መኪናው ጉድጓድ ሲረግጥ እንዲለሰልስ ሲሉ፣ በጎማው ላይ ያለውን ክብደት ለመቀነስ የፍሬኑን ዲስኮች ከጎማው አጠገብ አንሥተው መሐል ላይ፣ በዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ አስቀመጧቸው። ለነጂው ግሩም ሐሳብ ነው። ለጠጋኙ ግን ሌላ ነው፤ የፍሬኑ ሙቀት የዲፈረንሻሉን ዘይት የሚይዙትን መከለያ ጎማዎች ያደርቃቸዋል፣ ዘይቱ በዲስኩ ላይ ይፈስሳል፣ ፍሬኑም ይከዳል። ዲስኩን ለመለወጥ የኋላውን እግር ከነማቀፊያው አውርዶ መሥራት የተለመደ ነው። የሞተሩን ባልቦላዎች ክፍተት ማስተካከልም ቢሆን በመፍቻ አንድ ዙር አዙሮ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ሁለቱን የካም ዘንጎች አውጥቶ ከሥራቸው ያሉትን ስስ ብረቶች በልኬት መለወጥ ይጠይቃል። ሦስቱ ካርቡራተሮች ደግሞ እንደ ሦስት ዘማሪ ድምፃቸው እኩል ካልተቃኘ ሞተሩ ያጉረመርማል።

ይህ ሁሉ ግን ከዝገት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የኢ-ታይፕ መካከለኛ አካል ከስስ ላሜራ ተበይዶ የተሠራ፣ ራሱን በራሱ የሚሸከም ሣጥን ነው። በበሩ ሥር የሚያልፉት ድፍን ክፍሎች የመኪናው አጥንት ናቸው። ውኃ ይገባባቸዋል፤ ለመውጣት ግን መንገዱ ጠባብ ነው። ሞተሩን የሚሸከመው የፊት ማዕቀፍ የተሠራው ከአራት ማዕዘን ቱቦዎች ሲሆን፣ ቱቦው የሚዝገው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። የእንግሊዝና የሰሜን አሜሪካ መንገዶች ደግሞ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ ጨው ይነሰነስባቸዋል። ስለዚህ ቀለሙ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ መኪና ውስጡ እንደ ደረቀ ቅጠል ሊፈረፈር ይችል ነበር። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ በቅርጹ ተማርኮ የገዛ ሰው የገደሉን ጥልቀት የሚያውቀው መኪናው በመካኒክ ማንሻ ላይ ሲወጣ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ይህን ዕዳ ብዙም አላዩትም። አዲስ ገዝተው ጥቂት ዓመት ነድተው ሸጡ። ዕዳው የተላለፈው ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ነው። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ፣ ከ1971 ጀምሮ ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለት ኢ-ታይፕ የዘመኑ ባዕድ ሆነ፤ ምርቱም በ1974 ቆመ። በእነዚያ ዓመታት ያረጀ ኢ-ታይፕ በእንግሊዝ አገር በጥቂት መቶ ፓውንድ ይገኝ ነበር። ይህን ያህል መክፈል የሚችለው ማን ነበር? ወጣት ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ በልጅነቱ የመኪናውን ሥዕል በመኝታው ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሰው። የመግዣው ገንዘብ ነበረው፤ የማኖሪያው ግን አልነበረውም። በእንግሊዝ አገር የግዴታ የቴክኒክ ምርመራ በ1960 ሲጀመር የሚመለከተው አሥር ዓመት የሞላቸውን መኪናዎች ነበር፤ በ1967 ግን ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ ብሏል። ለብዙ አሮጌ መኪና ይህ ምርመራ የፍርድ ቀን ሆነ። ጥገናው ከመኪናው ዋጋ በላይ ሲሆን ባለቤቱ ሞተሩን ለብቻ፣ ጎማውን ለብቻ ሸጦ አካሉን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሰጠው። ከ72,000 በላይ ኢ-ታይፖች ተሠርተው ነበር፤ እጅግ ብዙዎቹ ያለቁት እንዲህ ነው።

ይህ የሚደርሰው በርካሽ ለተሸጠ መኪና ብቻ ነው እንዳይባል፣ በሌላው ጫፍ ያለውን እንይ። ፌራሪ 250 ጂቲኦ ከ1962 እስከ 1964 በ36 ቁጥር ብቻ የተሠራ የእሽቅድምድም መኪና ነው። በአሜሪካ አዲሱ 18,000 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ያም በዘመኑ የቤት መግዣ ነው። ነገር ግን ሞተራቸው ከነጂው ጀርባ የሆነ አዳዲስ መኪናዎች ሲመጡ ጂቲኦ በውድድር ሜዳ አረጀ። ከሜዳ የወጣ የእሽቅድምድም መኪና ደግሞ ምን ጥቅም አለው? ይጮኻል፣ ነጂውን በሙቀት ያቃጥላል፣ ዕቃ አይጭንም፤ አሥራ ሁለት ሲሊንደርና ስድስት ካርቡራተር ግን እንደ ወትሮው መጋቢ ይፈልጋሉ።

ከነዚህ መኪናዎች አንዱ በ1960ዎቹ አጋማሽ በቴክሳስ ቪክቶሪያ ከተማ ለሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስጦታ ተሰጠ፤ ተማሪዎች የመካኒክነት ትምህርት እንዲለማመዱበት። ትምህርት ቤቱ መኪናውን በ1972 በ6,500 ዶላር ሸጠው። ገዢው ወደ ኦሃዮ ግዛት ወሰደውና በተጎታች ላይ እንደ ተጫነ ሜዳ ላይ አኖረው። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ዝናብና በረዶ ተፈራረቀበት፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው ሌላ ገዢ መጥቶ ከሜዳው ያነሣው። በ2018 ከእነዚያ ሠላሳ ስድስት ወንድማማቾች አንዱ በካሊፎርኒያ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2023 ደግሞ ሌላ ጂቲኦ በኒው ዮርክ 51.7 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቅና «ምን ያሉ ሞኞች ናቸው!» ይላል። እኔ ግን ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ትምህርት ቤቱ የሸጠው በዘመኑ ገበያ ነው። ሜዳ ላይ ያቆመውም ሰው፣ ያንን ሞተር ፈትቶ ለማደስ የሚጠየቀው ገንዘብ መኪናውን ከገዛበት ጋር ሲተያይ፣ ዘመኑን የመሰለ ውሳኔ ወስኗል። ልጆቹን የሚያስተምር፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ዝገት የበላውን ኢ-ታይፕ ለቁርጥራጭ ሲሰጥ ስሌቱ ትክክል ነበር። መዝገቡ «ተወው» ሲል በሚታየው ቁጥር ሁሉ ልክ ነበር። ጥያቄው ሌላ ነው፦ መዝገቡ «ተወው» እያለ ያልተዉት እነማን ናቸው? ለምንስ አልተዉም?

ያልተዉት በአብዛኛው ሀብታሞች አልነበሩም። ቅዳሜና እሑድን በጋራዥ ያሳለፉ፣ አንዱን መኪና ለማዳን ሁለት የሞቱ መኪናዎች የገዙ፣ ብየዳ ከመጽሐፍ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ማኅበር መሥርተው የመለዋወጫ ዝርዝር ተለዋወጡ፤ ፋብሪካው መሥራት ያቆመውን ዕቃ በትናንሽ አውደ ጥናቶች በጥቂት በጥቂቱ አስመረቱ። ኩባንያው ራሱ በዚያን ጊዜ ራሱን ለማቆየት ይታገል ነበር። ጃጓር በ1966 ከሌላ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር ተቀላቀለ፣ በ1968 በብሪቲሽ ሌይላንድ ሥር ገባ፣ በ1989 ፎርድ ገዛው፣ በ2008 ወደ ሕንዱ ታታ ተላለፈ። ኢ-ታይፕ የተወለደበት የብራውንስ ሌን ፋብሪካ የመኪና መገጣጠም ሥራውን በ2005 አቆመ። ወላጁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር፣ ልጁን ያሳደጉት ጎረቤቶች ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሚታወቅ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአሮጌ ስፖርት መኪናዎች ዋጋ እንደ ጢስ ወደ ላይ ተመመ፤ ጂቲኦ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጠየቀበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ወደ ታች ወረደ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በታች ሆነ። ልብ ይሏል፤ በዚያ መውደቅ ወቅትም ቢሆን የአንድ ፒስቶን ዋጋ አልወደቀም፣ የብየዳ ሠራተኛው የሰዓት ክፍያም አልቀነሰም። በወረቀት ላይ ሚሊዮን የነበረው መኪና የሚሊዮን ባለቤት አያደርግም፤ እስኪሸጥ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሒሳቡ ግን በየወሩ በምድር ይከፈላል።

በ2017 ጃጓር ራሱ ወደ ጥንቱ ተመልሶ፣ አሮጌ ኢ-ታይፖችን ፈልጎ በፋብሪካ ደረጃ አድሶ መሸጥ ጀመረ፤ መነሻ ዋጋው 285,000 ፓውንድ ነበር። አንድን ኢ-ታይፕ እስከ መጨረሻው ፈትቶ ማደስ ከሺህ የሥራ ሰዓት በላይ ሊፈጅ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው በዚህ ቁጥር አይደነግጥም። በ1961 በ2,100 ፓውንድ የተሸጠው መኪና የቀረውን ሒሳብ ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ አወራረደ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ላይ ተደብቆ የነበረው ሁለተኛው ዋጋ በመጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ተጻፈ።

ይህ ሕግ የሚሠራው በኮቨንትሪና በኦሃዮ ብቻ አይደለም። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙባት ነጥብ የምትወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በጠጋኝ እጅ ዋጋና በምትክ መኪና ዋጋ። የሰው ጉልበት ውድ፣ አዲስ መኪና ርካሽ በሆነበት አገር ነጥቧ ቶሎ ትደርሳለች፤ መኪናውም በወጣትነቱ ይጣላል። ጉልበት ርካሽ፣ አዲስ መኪና ከነቀረጡ የማይቀመስ በሆነበት አገር ግን ነጥቧ ትርቃለች። አዲስ አበባ ቮልስዋገኑንና ሰማያዊ ነጩን የላዳ ታክሲ ሌላው ዓለም ከረሳቸው በኋላ ለረጅም ዘመን ያቆየችው ከፍቅር ብቻ ተነሥታ አይደለም፤ ሒሳቡ ስለፈቀደላት ጭምር ነው። እነዚህ የስፖርት መኪናዎች አይደሉም፤ ያዳናቸው ጥበብ ግን ያው ነው። የጋራዦቻችን ቋንቋም ይህን ይመሰክራል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ኮፈን፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ፌራሪን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የመርካቶ መካኒክ የፌራሪን አካላት ግማሹን በእናት ቋንቋቸው ሊጠራቸው ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንይዛለን? በጨረታ አዳራሽ የሚጨበጨብለት ቁጥር የመኪናው ዋጋ ብቻ አይመስለኝም። መኪናው ምንም በማያወጣበት ዘመን ሰዎች ያፈሰሱት ያልተመዘገበ ድካም ድምር ነው፤ ገንዘቡም ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ለደከሙት ሳይሆን በመጨረሻ ለያዘው ነው። «አሮጌ መኪና ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል» የሚል ሰው የመግዣውን ከመሸጫው ቀንሶ ትርፉን ያሳየናል። በመሐል ያለፉትን ሠላሳና አርባ ዓመታት፣ የጋራዡን ኪራይ፣ የወጣውንና የገባውን ሞተር፣ ሦስት ጊዜ የተበየደውን ወለል፣ በብርድ ሌሊት የተገረበበውን ጣት በየትኛው ዓምድ እንደሚያስገባው ግን አይነግረንም። ከተሸጡት አንዱን አይቶ ሜዳ ላይ የተፈረፈሩትን የማይቆጥር ስሌት ስሌት አይባልም።

ስለዚህ አሮጌ የስፖርት መኪና ለመግዛት ልቡ የከጀለ ሰው ሻጩን «ስንት ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት መካኒኩን «ስንት ያኖረዋል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ከአቅሙ በላይ ከሆነ መተው ነውር የለበትም። አቅሙ ችሎ ከገዛው ደግሞ፣ ትርፍ ጠብቆ ሳይሆን፣ የአንድ ዘመን የእጅ ሥራ በእሱ ተራ እንዳይሞት ይግዛው። ያተረፉት መኪናዎች ሁሉ፣ ማንም ሊያተርፍባቸው በማይችልበት ዘመን፣ በእንዲህ ያለ ሰው እጅ ያለፉ ናቸውና።

ገዢው ዋጋ ያውቃል፣ ሻጩም ትርፉን ያውቃል፤
በመሐል ያለውን ማን ጽፎ ይጠብቃል?
ዝገት ሌት ተቀን ነው፣ ሥራው መቼም አያልቅ፤
የሰው እጅ ነው እንጂ ቆሞ የሚጠብቅ።